ወፍ ቆጥሮ ወንዝ ማወቅ፦ በባንተይቀጡና በቀበና ዳር የሚሠራ የብክለት ክትትል

የመጀመሪያው ቀን ቆጠራዬ ውሸት ነበር። አዲስ አበባ መሃል ባንተይቀጡ ወንዝ ዳር ቆሜ ሳቢሳ የሚባሉትን ነጫጭ ወፎች 31 ቆጠርኩ። ደስ አለኝ። «ወንዙ እያገገመ ነው» ብዬ ለጓደኞቼ ፎቶ ላክሁ። አጠገቤ የነበሩ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ግን ሳቁብኝ። «ልጄ፣ እነዚህ እኮ ውሃውን ፈልገው አይደለም የመጡት። ማታ የተደፋውን ትርፍራፊ ነው የሚለቅሙት» አሉኝ። ዞር ብዬ ሳይ እውነታቸውን ነው። ከ31ዱ አንዱም እግሩን ውሃ ውስጥ አልነከረም።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን ያዙልኝ። ወፍ ስለበዛ ወንዙ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። የትኛው ወፍ ነው? የት ቆሟል? ምን ይበላል? እነዚህ ሦስቱ ካልተጻፉ ቁጥሩ ብቻውን ያታልላችኋል። እንዲያውም አንዳንድ ወፍ የሚበዛው ወንዙ በቆሸሸ ቁጥር ነው።

ከመውጣታችሁ በፊት፦ ውሃው ከየት መጥቶ የት ይሄዳል?

የመሃል ከተማ ወንዞች ከእንጦጦ ነው የሚነሱት። ቀበና፣ ግንፍሌና ባንተይቀጡ በከተማው መሃል አልፈው ወደ ትልቁ አቃቂ ያመራሉ። በምዕራብ በኩል ያለው ትንሹ አቃቂ ነው። ሁለቱ አቃቂዎች የሚገናኙት አባ ሳሙኤል ሐይቅ ላይ ነው፤ ከዚያም አዋሽ። አባ ሳሙኤልና የአቃቂ ረግረግ ለውሃ ወፎች ዓለም አቀፍ ትኩረት ከሚሰጣቸው የአገራችን ቦታዎች አንዱ ነው። የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ወፎች እዚያ ያርፋሉ። አራት ኪሎ ግድም የተደፋ ዘይት እነሱ ጋ የሚደርስበት መንገድ ክፍት ነው።

ብዙ ሰው «የፋብሪካ ብክለት» ሲባል የጭስ ማውጫ ይፈልጋል። መሃል ከተማ ላይ ግን ጭስ ማውጫ አታገኙም። ቆዳና ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች የሚበዙት በትንሹ አቃቂ ዳርና ወደ አቃቂ ቃሊቲ ነው። መሃል ላይ ያለው ጋራዥ፣ ላቫጆ፣ ማተሚያ ቤት፣ ብረታ ብረት ሥራ፣ ላውንደሪ፣ የትልልቅ ሕንፃ ወጥ ቤትና መጸዳጃ ነው። አንድ በአንድ ሲታዩ ትንሽ ናቸው፤ ተደምረው አንድ ቱቦ ውስጥ ሲገቡ ግን ትንሽ አይደሉም።

አንድ ነገር ደግሞ የከፍታችን ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። 20 ዲግሪ ሴልሲየስ የሆነ ንጹሕ ውሃ ባሕር ዳርቻ ላይ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። እዚህ ግን 7 ገደማ ነው። ወንዛችን ገና ሳይበከል ከባሕር ዳር ወንዝ ያነሰ ኦክስጅን ይዞ ነው የሚጀምረው ማለት ነው። ፍሳሽ ሲገባበት ቆሻሻውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ያችኑ ይጨርሷታል። ዓሣ ይሄዳል። ዓሣ ሲሄድ ዓሣ በሉ ወፍ ይከተላል።

አንደኛ፦ ቦታ ምረጡ

አንድ ኪሎ ሜትር ይበቃል። ረጅም መንገድ የመረጠ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ሲተወው አይቻለሁ። ኪሎ ሜትሩን በየ200 ሜትሩ ከፍላችሁ አምስት መቆሚያ ለዩ። ድልድይ ጥሩ መቆሚያ ነው፤ ውሃ ሳትነኩ ላይም ታችም ያሳያል። ከፍልውሃ ወደ ፒኮክ መናፈሻ ያለው የባንተይቀጡ ክፍል፣ የግንፍሌ ድልድይና የቀበና ድልድይ አካባቢ ይመቻሉ።

ዋናው ሕግ፦ ከመቆሚያዎቻችሁ ቢያንስ አንዱ ከአንድ ትልቅ የፍሳሽ ቱቦ በላይ፣ ሌላው ከዚያው ቱቦ በታች ይሁን። ይህ ከሌለ ነገ «ቱቦው ነው ያበላሸው» ብትሉ የሚሰማችሁ የለም።

ፍልውሃ አካባቢ ቤተ መንግሥት ቅርብ መሆኑን አትርሱ። ባይኖኩላር አንገታችሁ ላይ አንጠልጥላችሁ ስትዞሩ ጥያቄ ይመጣል፤ መምጣቱም ተገቢ ነው። የጥበቃ ሠራተኞችን ዝም ብላችሁ አትለፉ፤ ቀድማችሁ ሄዳችሁ ሰላምታ ስጡ። የምትሠሩትን ንገሩ። ፎቶ የሚከለከልበት ቦታ ላይ አታንሱ። ደግሞ የጥበቃ ሠራተኛን የመሰለ ምስክር የለም። ሌሊት ወንዙን የሚያየው እሱ ብቻ ነው። «ትናንት ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ውሃው ቀይ ነበር» የሚል መረጃ ከመሣሪያ አታገኙም።

ሁለተኛ፦ ዕቃ

ደብተርና እርሳስ (እስክሪብቶ በርጥበት ይጠፋል)፣ ባይኖኩላር 8 በ42 የሚባለው ካለ፣ የውሃ ቴርሞሜትር፣ የፒኤች (የውሃው አሲድነት) መለኪያ ወረቀት፣ ጓንት፣ ቦቲ፣ የሻይ ወንፊት፣ ረጅም ዱላ፣ ባዶ ሃይላንድ። ወፍ የመለየት ልምድ ከሌላችሁ መርሊን የሚባለውን የስልክ መተግበሪያ ጫኑ። ያው እሱም ይሳሳታል፤ ፎቶውን አስቀምጡ።

ውሃውን በባዶ እጅ አትንኩ። ይህን ሁለቴ አልናገርም።

ሦስተኛ፦ ሰዓትና ወቅት

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ጀምሩ። እያንዳንዱ መቆሚያ ላይ 10 ደቂቃ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት። በየወሩ አንድ ጊዜ ደግሞ ማታ 12 ሰዓት ላይ ድገሙት።

ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው በጋ ከሁሉ ይሻላል። ውሃው ስለሚያንስ ብክለቱ ይጎላል፤ ስደተኞቹ ወፎችም አሉ። ክረምት ላይ ጎርፉ ሁሉን ያጥባል፤ በዝናብ ተከልሎ የሚለቅ ሰውም አይጠፋም። የዓለም አቀፉ የውሃ ወፎች ቆጠራ በየዓመቱ የሚካሄደው በጥር ነው፤ በጥምቀት ሰሞን ማለት ነው። አገር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር አራዊትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ስለ ወፍ ቆጠራ ልምድ ያላቸው ሰዎች ያሉበት ነው። ከእነሱ ጋር አንድ ጥር ብትወጡ በራሳችሁ ከምትለፉበት አንድ ዓመት የበለጠ ትማራላችሁ።

አራተኛ፦ ወፎቹ ምን ይላሉ?

እዚህ ላይ ረጋ በሉ፤ ሥራው ያለው እዚህ ነው። ወፎቹን በሦስት ክፈሏቸው።

የመጀመሪያዎቹ በውሃው ሕይወት የሚኖሩ ናቸው። ሰማያዊና ብርቱካናማ ቀለም ያላት ትንሿ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ከእነዚህ ቀዳሚዋ ናት። ቅርንጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ታች ታያለች፤ ዓሣ ወይም የውሃ ነፍሳት ስታይ ትወረወራለች። ስለዚህ ሁለት ነገር ያስፈልጋታል፦ የሚበላ ነገርና የሚያሳይ ውሃ። ውሃው ከደፈረሰ ዓሣ ቢኖርም አይጠቅማትም። ጭራዋን ከፍ ዝቅ እያደረገች ድንጋይ ለድንጋይ የምትዘል ቀጭን ወፍም አለች፤ ጭራ ወዝዋዥ እንበላት። ሆዷ ቢጫ ከሆነ በበጋ የምትመጣ እንግዳ ናት፤ ነጭና ግራጫ ሆና ዓመቱን ሙሉ ካለች ደግሞ የአገራችን ናት። ሁለቱም ከፈጣን ውሃ ነፍሳት ይለቅማሉ። ጥቁር መንቆር፣ ጥቁር እግርና ቢጫ ጣት ያለው ነጭ ሳቢሳም እዚህ ይመደባል፤ ውሃ ውስጥ ገብቶ ነው የሚያድነው።

ሁለተኛዎቹ ጭቃ ፈታሾች ናቸው። በበጋ የሚመጡ፣ ዳር ዳሩን እየሮጡ ኋላቸውን የሚያወዛውዙ ትናንሽ ወፎች አሉ። ራሱ መዶሻ የሚመስለው ቡናማ ወፍም በእግሩ ጭቃ እያመሰ እንቁራሪት ይፈልጋል። እነዚህ መኖራቸው ጥሩ ዜና ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። በፍሳሽ የተበከለ ጭቃ ውስጥ ቀያይ ትሎች በሚሊዮን ይራባሉ፤ ወፉ ድግስ አገኘ ማለት ነው። ችግሩ ከባድ ብረቶችም የሚቀመጡት እዚያው ጭቃ ውስጥ መሆኑ ነው። ለምሳሌ ቆዳ ሲለፋ ከሚገባው ክሮም ከሚባለው ብረት ሲሶ ያህሉን ቆዳው ሳይወስደው ከፍሳሹ ጋር ሊወጣ ይችላል። ክሮሙ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ አይቀርም፤ ከደለል ጋር ተጣብቆ ይወርዳል። ጭቃ የሚፈትሽ ወፍ ከትሉ ጋር ጭቃውንም ይውጣል።

ሦስተኛዎቹ ቆሻሻ ተከታዮች ናቸው። ቢጫ መንቆር ያለው አጭሩ ሳቢሳ (ከብት የሚከተለው፣ እኔን ያታለለኝ እሱ ነው)፣ ራሰ በራው አባ ኮዳ፣ ጭልፊት። አባ ኮዳን ለማየት ቄራ አካባቢ መሄድ ነው፤ ጣሪያ ላይ እንደ ሽማግሌ ተኮፍሶ ታገኙታላችሁ። እነዚህ ሲበዙ የሚነግሯችሁ ስለ ትርፍራፊና ስለ ሥጋ ጥራጊ እንጂ ስለ ውሃው አይደለም።

ጋጋኖ ለብቻው ይታይ። ጠዋት ጠዋት ጮሆ ሰፈሩን የሚቀሰቅሰው፣ ረጅም ቆልማማ መንቆር ያለው፣ አንገቱ ሥር ሥጋ የተንጠለጠለበት ወፍ ነው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጪ የትም የለም። ወንዝ ዳር ስላያችሁት ግን አትደሰቱ፤ አትዘኑ። ምግቡን የሚያገኘው በብዛት ከሣር ላይ ነው። አዲሶቹ መናፈሻዎች ሣር ስላላቸው ይወዳቸዋል። መናፈሻ አማረ ማለት ውሃው ጠራ ማለት አይደለም፤ ጋጋኖም በዚህ ጉዳይ አይመሰክርም።

ስትመዘግቡ ከእያንዳንዱ ወፍ ጎን አንድ ፊደል ጻፉ። «ው» ውሃ ውስጥ የሚመገብ፣ «ጭ» ጭቃ ላይ፣ «ቆ» ቆሻሻ ላይ፣ «ሣ» ሣር ላይ፣ «አ» አላፊ። ከላይ በርሮ ያለፈ ወፍ የወንዙ ወፍ አይደለም። ከሦስት ወር በኋላ የምትመለከቱት «ው»ን ነው።

አምስተኛ፦ ውሃውን መጠየቅ

ቀለም፣ ሽታ፣ አረፋ፣ ሙቀት፣ ፒኤች። በዚህ ቅደም ተከተል ጻፉ።

የመጸዳጃ ፍሳሽና የፋብሪካ ፍሳሽ ጠባያቸው ይለያያል። የመጸዳጃው ግራጫ ነው፤ ጠዋትና ማታ ይበረታል፤ በየቀኑ ያው ነው። የፋብሪካው ድንገት ይመጣል። ለግማሽ ሰዓት ሰማያዊ ወይም ቀይ ይሆንና ይጠፋል። ፒኤቹ ከ6 በታች ወይም ከ9 በላይ ሲዘል ካያችሁ ሽንት ቤት ብቻ አያመጣውም፤ አሲድ ወይም ኮስቲክ ሶዳ ያለበት ሥራ ላይ ጠርጥሩ። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ግን ያሳስታል። የቆዳ ፀጉር ማስለቀቂያው ሰልፋይድም፣ ኦክስጅን ያለቀበት ማንኛውም ውሃም እንዲሁ ይሸታል።

ውሃው ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ሽፋን ካያችሁ በዱላ ንኩት። እንደ መስተዋት ተሰባብሮ ስብርባሪው እዚያው ከቀረ ተፈጥሯዊ ነው፤ ብረት የሚያዘወትሩ ባክቴሪያዎች የሚሠሩት ነው። ተመልሶ ከተያያዘ ዘይት ነው። ከጋራዥ በታች ይህን ሙከራ ሳታደርጉ አትለፉ።

ሙቀቱን ከቱቦው በላይና በታች ለኩ። ሁለት ሦስት ዲግሪ ልዩነት ካለ ቱቦው ሙቅ ነገር እየለቀቀ ነው። ነገር ግን ፍልውሃ ላይ ተጠንቀቁ! እዚያ ከመሬት የሚወጣ ሙቅ ውሃ አለ፤ ከተማዋ የተቆረቆረችበት ምክንያት ራሱ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ሁለት ገጽ ሙሉ ክስ ጽፌ ተከሳሹ የጣይቱ ፍልውሃ ሆኖ ተገኘ።

በመጨረሻ ድንጋይ ገልብጡ። ጓንት አድርጋችሁ፣ ዳር ላይ ብቻ። ከሥሩ ያለውን በወንፊት አንሱና ተመልከቱ። ጠፍጣፋ፣ ሦስት ጭራ ያላቸው ትናንሽ ነፍሳት፣ ወይም ከአሸዋ ቤት ሠርተው የተሸሸጉ ትሎች ካሉ ውሃው ይተነፍሳል። ከእንጦጦ ሥር ያለውን ምንጭ አንድ ቀን ሄዳችሁ ብታዩት ልዩነቱ ይገባችኋል። ደም የመሰሉ ቀይ ትሎች ብቻ ካገኛችሁ ኦክስጅኑ አልቋል። የሚቀሉት እኮ ደማቸው ውስጥ እንደኛው ሄሞግሎቢን ስላለ ነው፤ ያችን ጥቂት ኦክስጅን አጥብቀው ይይዙባታል። ድንጋዩ ላይ ጥጥ የመሰለ ግራጫ ነገር ከተንጠለጠለ ደግሞ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፤ ፍሳሽ ነው። ድንጋዩን እንደነበረ መልሱት።

ስድስተኛ፦ የታመመ ወፍ ካያችሁ

ላባው የረጠበ፣ ተኮማትሮ የሚንቀጠቀጥ ወፍ ዘይት ወይም ሳሙና ነክቶታል። የወፍ ላባ ውሃ የማያስገባው ክሮቹ እርስ በርስ ተጠላልፈው ስለሚይዙና ስለሚቀባው ቅባት ነው። የላቫጆ ሳሙና ውሃውን «ያለሰልሰውና» በክሮቹ መሃል ያስገባዋል። ለወፉ በአዲስ አበባ የታኅሣሥ ሌሊት እርጥብ ጃኬት ለብሶ እንደማደር ነው። ብዙ ጊዜ የሚገድለው መርዙ ሳይሆን ብርዱ ነው።

አንገቱን ማቅናት ያቃተው፣ ክንፉም እግሩም የዛለ ወፍ ካያችሁ ቦቱሊዝም ይሆናል። ኦክስጅን በሌለው የበሰበሰ ውሃ ውስጥ የሚፈጠር መርዝ ነው። በድን ላይ የሚፈሉ ትሎች መርዙን ይሰበስባሉ፤ እነሱ አይሞቱም። ትሉን የበላ ወፍ ይሞታል፤ የእሱ በድን ደግሞ ሌላ ትል ያፈላል።

ከሁለትና ሦስት በላይ የሞቱ ወፎችን አንድ ቦታ ካገኛችሁ አትንኩ። የወፍ ጉንፋንም ሊሆን ይችላል። ፎቶ አንሱ፣ ቦታውን ጻፉ፣ ለክፍለ ከተማው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ። የናሙና ምርመራ የሚሠራው ሰበታ ያለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ነው፤ ናሙናውን ግን እነሱ ይውሰዱት። ልጆች ከአካባቢው ይራቁ።

ሰባተኛ፦ ደብተሩ ሲሞላ

በ12 ሳምንት ውስጥ እያንዳንዱ መቆሚያ 12 መስመር ይኖረዋል። የ«ው» ወፎችን ከቱቦው በላይና በታች አነጻጽሩ። ከላይ ዘወትር የምትታየው ጭራ ወዝዋዥ ከታች አንድም ቀን ካልታየች፣ ከላይ የተለያየ ነፍሳት ኖሮ ከታች ቀይ ትል ብቻ ካለ፣ ሙቀቱ ወይም ፒኤቹም አብሮ ከተለወጠ፣ በእጃችሁ ጉዳይ አለ። አንዱ ብቻ ከሆነ ቆዩ። ወፍ በውሻም፣ በግንባታ ድምፅም፣ ዛፍ በመቆረጡም ይሄዳል። የወንዝ ዳርቻ ልማት የሚሠራበት ቦታ ከሆነ ይህን ለይታችሁ ጻፉ።

ስምንተኛ፦ አቤቱታ

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ይሰጣል። ከዚያ በላይ ለእናንተ የሚጠቅመው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ነው። አንቀጽ 11ን አንብቡት። ማንኛውም ሰው በግሉ መጎዳቱን ማሳየት ሳያስፈልገው አካባቢን በሚጎዳ ላይ አቤት ማለት ይችላል ይላል። «አንተን ምን አገባህ? ወፍ ነው የሞተው» ለሚል ሰው መልሱ እሱ ነው። አቤቱታው በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል።

የኔ የመጀመሪያ ደብዳቤ አንድ መሥሪያ ቤት ገብቶ በዚያው ቀረ። ጥፋቱ የኔም ነበር። «ወንዙ በጣም ተበክሏል፣ ወፎች እያለቁ ነው» ብዬ ሁለት ገጽ አለቀስኩ። ሰዓት የለ፣ ቦታ የለ። ሁለተኛው ደብዳቤ ግማሽ ገጽ ነበር፤ ባለሙያ ተልኮ መጣ።

ስለዚህ እንዲህ ጻፉ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የቱቦው ቦታ በስልክ ካርታ፣ ከላይና ከታች የተለካው ሙቀትና ፒኤች፣ የ12 ሳምንቱ የወፍ ሠንጠረዥ፣ አራት አምስት ፎቶ። የድርጅት ስም በግምት አታስገቡ። «ይህ ቱቦ» በሉ፤ የማን እንደሆነ ማጣራት የባለሥልጣኑ ሥራ ነው። በግምት የተጻፈ ስም ከተሳሳተ እናንተው ተከሳሽ ትሆናላችሁ።

ደብዳቤውን ለአዲስ አበባ አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በሁለት ቅጂ ውሰዱ። አንዱን መዝገብ ቤት ያስቀራል። ሁለተኛው ላይ የገቢ ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን አስመቱ፤ 30ውን ቀን የምትቆጥሩት ከዚያ ቀን ነው። እስከዚያው ቆጠራውን አታቋርጡ፤ ባለሙያው ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «ከአቤቱታው ወዲህስ?» ብሎ ነው።